ሞኝና ወረቀት፤ ከጀማሪ ጋር ፖከር የመጫወት ብሶትና መድኃኒቱ

ፖከር የሚጫወት ሐበሻ ሁሉ አንድ ብሶት አለው። ታክሲ ነጂ ይሁን የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ነርስ ይሁን መሐንዲስ፣ ቡና ጋብዛችሁ ትንሽ ከጠበቃችሁት ይነግራችኋል። ብሶቱ በጎበዝ ተጫዋች መሸነፉ አይደለም። በጎበዝ የተሸነፈ ሰው ራሱን ነቅንቆ ዝም ይላል። የሚያንገበግበው፣ «ይቅርታ፣ ሁለት ጥንድ ነው የሚበልጠው ወይስ ሦስት አንድ ዓይነት?» እያለ እየጠየቀ ገንዘቡን ጠራርጎ በሚወስድ ጀማሪ መሸነፉ ነው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ተጫውቼ፣ መጽሐፍ አንብቤ፣ ሒሳቡን በቃሌ ይዤ፣ ትናንት በመጣ ሰው ልበላ?» ይላል ባለብሶቱ። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጥያቄ መልስ አለው። መልሱ ስለ ሰው ጠባይም ስለሚናገር፣ ፖከር ነክቶ የማያውቅ አንባቢም ቢሆን ገጹን ሳይገልጥ ጥቂት ይታገሠን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው ባጭሩ

ዛሬ በየቤቱም በየካዚኖውም የሚዘወተረው የፖከር ዓይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል። ከዚያ በኋላ ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች መሀል ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስቱ በአንድ ላይ፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ገንዘብ የሚያዘው አራት ጊዜ ነው፤ የጋራው ካርታ ሳይገለጥ አንዴ፣ ከዚያ በየገለጣው። በእጁ ካሉት ሁለቱና መሀል ካሉት አምስቱ መርጦ ከሁሉ የበለጠ አምስት ካርታ ያቀናጀ ገንዘቡን ይወስዳል።

ታዲያ ለማሸነፍ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የተሻለ ካርታ መያዝ ነው። ሁለተኛው ምንም ሳይይዙ ብዙ ገንዘብ አስይዞ ሌላውን ማስፈራራትና ካርታውን ማስጣል ነው። ፈረንጆቹ ብላፍ ይሉታል፤ እኛ ፎገራ ብንለው ያስኬዳል። የለመደ ተጫዋች በሁለቱም መንገድ ይሄዳል። ከጀማሪ ጋር የተቀመጠ ቀን ግን ሁለተኛው መንገድ ይዘጋበታል፤ አንደኛውም ኮረኮንች ይሆንበታል።

ካርታውን የማይጥለው ሰው

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረት ለዚህ ጨዋታ የተተረተ ይመስላል። የጀማሪ የመጀመሪያ ምልክቱ አለመጣል ነው። ጥሩ ተጫዋች ከሚታደለው ካርታ አብዛኛውን ገና ከጅምሩ ይጥላል፤ ጀማሪ ግን የመጣው ለመጫወት እንጂ ቁጭ ብሎ ለማየት አይደለምና በሁሉም ይገባል። ለምን እንደ ገባ ብትጠይቁት ምክንያት አያጣም። ሰባትና ሁለት የያዘው የታክሲው ቁጥር 72 ስለሆነ ነው። አራትና ዘጠኝ የያዘው ልጁ በአራተኛው ወር በዘጠነኛው ቀን ስለ ተወለደች ነው። ሌላው ደግሞ «ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ያምራሉ» ይላል።

በእኛ በሐበሾች ዘንድ ሌላም ምክንያት አለ። ብዙዎቻችን ካርታ የለመድነው በኮንከር ነው። በኮንከር ካርታ የሚጣለው ሌላ ለማንሣት ነው፤ አንዱን ስትጥል አንዱ ይመጣል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። በፖከር ካርታ ጣለ ማለት ለዚያ ዙር ወጣ ማለት ነው። በኮንከር ያደገ ሰው ደግሞ ሳይዘጋበት በገዛ እጁ መውጣት ሽንፈት ይመስለዋል። ስለዚህ እስከ መጨረሻዋ ካርታ ድረስ ተስፋ ያደርጋል፤ አንዳንዴም ተስፋው ይሠራል።

ባለብሶቱ የሚጮኸው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የሁለት ካርታ አጀማመር ሁለት አስ ነው። የሚገኘውም በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ብቻ ነው። በካዚኖ በሰዓት 30 እጅ ያህል ቢታደል፣ ይህን ካርታ ለማየት ከ7 ሰዓት በላይ መቀመጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ያህል የጠበቀ ሰው ሁለት አስ ይዞ ገንዘቡን ሲያስገባ፣ ባለታክሲው በሰባትና በሁለት ይከተለዋል፤ መሀል ላይ ሰባትና ሁለት ይወጣሉ፤ አለቀ።

«እንዴት በዚህ ካርታ ትገባለህ?» 

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ ልቤ ነገረኝ።»

ሒሳቡ የሚለው

አሁን ቁጣውን ለጊዜው እናቆየውና ቁጥሩን እንይ። ሁለት አስ የያዘ ሰው፣ ያገኘውን ካርታ ይዞ ከሚገባ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ እስከ መጨረሻው ቢጋጠም፣ የሚያሸንፈው ከመቶ 85 ጊዜ ያህል ነው። እንዲህ ያሉ ተጋጣሚዎች ሁለት ሲሆኑ 73፣ ሦስት ሲሆኑ 64፣ አራት ሲሆኑ 56 ይሆናል። ስምንት ሰው ከተከተለው ግን ወደ 35 ይወርዳል። ማለትም ሁሉም በሚገባበት የጀማሪዎች ጠረጴዛ ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ካርታ የያዘ ሰው ካሸነፈበት ጊዜ ይልቅ የተሸነፈበት ይበዛል። ባለብሶቱ «ሁልጊዜ ይበሉኛል» ሲል ሙሉ በሙሉ ውሸቱን አይደለም።

ግን ገንዘቡን እንቁጠር። ሁሉም 20 ዶላር ቢያስገባና ካርታው እስከ መጨረሻው ቢገለጥ፣ ከአንድ ሰው ጋር ስትጋጠም መሀል ያለው 40 ዶላር ነው። ከዚያ የ85 በመቶ ድርሻህ 34 ዶላር ይሆናል፤ የራስህን 20 ስትቀንስ በአማካይ 14 ዶላር አተረፍህ። አራት ሰው ሲከተልህ ደግሞ መሀል ያለው 100 ዶላር ነው፤ የ56 በመቶ ድርሻህ 56 ዶላር፣ ትርፍህ 36 ዶላር። ከመቶው ጊዜ 44ቱን ትሸነፋለህ፤ ሆኖም የምታገኘው ትርፍ ከእጥፍ በላይ ነው።

የብሶቱ ምስጢር ይኸው ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ያሸንፍሃል፤ ገንዘቡን ግን ውሎ አድሮ ይሰጥሃል። ሰው ግን የሚያስታውሰው የተሸነፈበትን ጊዜ እንጂ አማካዩን አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ሰው አንድን መጠን ገንዘብ በማጣቱ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ያህል በማግኘቱ ከሚሰማው ደስታ ይበረታል። ሠላሳ ስድስቱ ዶላር በጸጥታ ይገባል፤ የሰባትና የሁለቷ ነገር ግን ለዓመት ትወራለች።

ለማያውቅሽ ታጠኝ

ሁለተኛው ብሶት የፎገራው ነገር ነው። ባለሙያው ምንም ሳይዝ በእርጋታ ገንዘቡን ይከምራል። ፊቱ አይለወጥም። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ታላቅ ካርታ እንደ ያዘ ሰው ሲጫወት ቆይቷል። ጎበዝ ተጋጣሚ ይህን ሁሉ ልብ ብሎ፣ «ይህ ሰው ይዟል» ብሎ ይጥላል። ጀማሪ ግን የራሱን ካርታ እንጂ የሰው አያይም። «ጥንድ አለኝ፤ ምን ይዘህ እንደሆነ ልየው» ብሎ ይገባል። «ለማያውቅሽ ታጠኝ» ይባላል፤ በፖከር ግን ጭሱ የማይሸተው ሰው ዘንድ መታጠን እንጨት ማባከን ነው።

ይህን የሚያስረዳ የታወቀ ታሪክ አለ። በ2003 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም ፖከር ውድድር፣ በሥራው የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴኔሲ ሰው ገባ። መግቢያው 10,000 ዶላር የሆነውን ውድድር የተቀላቀለው በኢንተርኔት ከ100 ዶላር ባነሰ መዋጮ ተጫውቶ በማለፍ ነበር። ከ839 ተወዳዳሪዎች መካከል እስከ መጨረሻው ደረሰና ከሳም ፋርሃ ጋር ሁለት ለሁለት ቀሩ። ፋርሃ ከሊባኖስ የመጣ፣ ኑሮውን በፖከር የመሠረተ ሰው ነው። በአንድ ዙር መኒሜከር የጠበቀው ካርታ ሁሉ ሳይመጣለት ቀረ፤ በእጁ አንዲት ጥንድ እንኳ አልነበረችም። ሆኖም ያለውን ሁሉ ወደ መሀል ገፋ። ፋርሃ የዘጠኝ ጥንድ ነበረው፤ የተሻለው ካርታ የእሱ ነበር። አሰበ፣ አሰበና ጣለ። መኒሜከር ከዚያ በኋላ አሸንፎ 2 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ወሰደ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሁሉ የመኒሜከርን ድፍረት ያደንቃሉ። ልብ የማይሉት ግን ያ ፎገራ የሠራው ፋርሃ ጎበዝ ስለሆነ ነው። በፋርሃ ወንበር ላይ የእኛ ባለታክሲ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ «ዘጠኝ ጥንድ አለኝ» ብሎ ይገባ ነበር፤ የዚያ ዓመት ታሪክም ሌላ ይሆን ነበር። ማስፈራራት የሚቻለው መፍራት የሚያውቅን ሰው ነው።

የመኒሜከር ድል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ «እኔስ ከእሱ በምን አንሳለሁ?» የሚለው ሰው ቁጥር የለውም። በዚያው ውድድር በ2006 የገቡት 8,773 ነበሩ፤ በ2024 ደግሞ 10,112 ደረሱ። የጀማሪ ጎርፍ የጀመረው ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእኛም አካባቢ ድሮ ፖከር የፈለገ ሰው ጨዋታው በ1993 ወደ ተፈቀደበት ወደ አትላንቲክ ሲቲ መጓዝ ነበረበት። የሜሪላንድ ሕዝብ በ2012 በድምፁ የጠረጴዛ ጨዋታ ከፈቀደ በኋላ፣ በተለይም በ2016 የናሽናል ሃርበሩ ካዚኖ ከተከፈተ ወዲህ፣ ከዋሺንግተን መንገዱ የግማሽ ሰዓት ሆነ። በዩቲዩብ ሁለት ምሽት አጥንቶ በሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ሰው እንዲህ በዛ።

ሰዓቱን የሚበላው ነገር

ከገንዘቡ ይልቅ ጊዜው የሚያናድደው ሰውም አለ። ጀማሪ ተራው መድረሱን አያውቅም፤ «አንተ ነህ» ይባላል፤ «እኔ ነኝ?» ይላል፤ ከዚያ ካርታውን እንደ ገና አንሥቶ ያያል። ተራው ሳይደርስ ገንዘብ ይወረውራል። የያዘውን ለጎረቤቱ አሳይቶ «በዚህ ልግባ?» ብሎ ይማከራል። ከጣለ በኋላ፣ ሌሎቹ ገና እየተጫወቱ ሳለ፣ «ውይ! አሱን ጥዬው!» ብሎ ለሁሉም ያውጃል። ስልክ ይደወልለታል፤ ከአዲስ አበባ ነውና አይዘጋም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደኅንነት እስኪጠየቅ ስድስት ሰው ካርታ ይዞ ይጠብቃል። በካዚኖ በሰዓት 30 እጅ የሚታደለው በዚህ ዓይነቱ የቤት ጨዋታ 15 ከደረሰ ተመስገን ነው። እንግዲህ ሁለት አስ ለማየት 15 ሰዓት ሊጠበቅ ነው።

እልህ ምላጭ ያስውጣል

እስካሁን ያነሣነው ሁሉ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው።

በጀማሪ የተበላው ሰው ከዚያች እጅ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት እንዴት ይጫወታል? ብዙውን ጊዜ እንደ ጀማሪው። «እሱ በሰባትና በሁለት ከገባ እኔስ ለምን እጥላለሁ?» ይላል። ያንኑ ሰው ለይቶ ያሳድደዋል። በማይፎገረው ሰው ላይ ደጋግሞ ይፎግራል። ፈረንጆቹ ይህን ሁኔታ «ቲልት» ይሉታል፤ ቃሉን የወሰዱት ከፒንቦል መጫወቻ ነው፤ ተጫዋቹ ተናዶ ማሽኑን ሲያናውጠው ማሽኑ ይህን ቃል አብርቶ ሥራውን ያቆማል። እኛ ዘንድ ስሙ እልህ ነው። «እልህ ምላጭ ያስውጣል» ያሉት አባቶች ፖከር አያውቁም ነበር፤ ቆማሪን ግን አሳምረው ያውቁ ነበር።

በሙያው የገነነ ሰው እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ፊል ሄልሙት በ1989 በ24 ዓመቱ የዓለም ውድድሩን ያሸነፈ፣ እስከ 2023 ድረስም 17 የዓለም ፖከር ውድድር አምባሮችን የሰበሰበ ሰው ነው። በቴሌቪዥን የሚታወቀው ግን «እንዴት በዚህ ካርታ ትገባለህ!» እያለ ተጋጣሚውን በመስደብ ጭምር ነው፤ «የፖከር ባለጌ ልጅ» የሚል ቅጽል ስምም ወጥቶለታል። እሱ ስሙን ወዶት የሕይወት ታሪክ መጽሐፉን በዚያው ሰይሞታል። እሱ ይህን ማድረግ ይችል ይሆናል። በሰዓት እየተከፈለው የሚሠራ ሰው ግን የንዴቱ ዋጋ የቤት ኪራይ ነው።

አካሄዱ የታወቀ ነው። በእሑድ የቤት ጨዋታ 60 ዶላር የተበላው ሰው ገንዘቡ ሳይሆን የተበላበት መንገድ ያንገበግበዋል። ቤቱ ገብቶ አይተኛም። መኪናውን አስነሥቶ «ከደኅና ተጫዋቾች ጋር ልጫወት» ብሎ ወደ ካዚኖ ይሄዳል። ካዚኖው ከየእጁ ድርሻውን ቆርጦ ይወስዳል፤ ሰውየውም የደከመና የተናደደ ነው። ሌሊቱ ሲነጋ የጠፋው 60 ዶላር አይደለም፤ የእቁቡ መዋጮ ነው፣ ለእናት ሊላክ የተዘጋጀው ነው። ጀማሪው የወሰደበት 60 ዶላር ብቻ ነበር፤ የቀረውን ያጠፋው እልሁ ነው።

የጀማሪውስ ነገር?

ስለ ባለብሶቱ ይህን ያህል ካልን፣ ብሶት የማያሰማውን ሰው ደግሞ እናስበው። ከሒሳቡ እንዳየነው በሁሉም ካርታ የሚገባ ሰው ውሎ አድሮ ከፋዩ እሱ ነው። በመጀመሪያው ምሽት 200 ዶላር ያሸነፈ ጀማሪ ጨዋታው የገባው ይመስለዋል። በሚቀጥለው እሑድ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። በሦስተኛው ሳምንት ከባንክ አውጥቶ ይመጣል። ያኔ ስለ ዕድሉ ሲያማርር የነበረው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ «አይዞህ፣ ይመጣልሃል፣ ተጫወት» የሚለውም ይበዛል።

በካዚኖ ጠረጴዛ ላይ የማትተዋወቁ ሰዎች ናችሁ፤ ሁሉም ለራሱ ነው። በቤት ጨዋታ ግን ያ ጀማሪ የጓደኛህ የሚስት ወንድም ነው። ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ነገ በልጅህ ክርስትና ላይ አብሮህ ቆሞ ያጨበጭባል። በእሱ መሸነፍ ብሶት ከሆነ፣ እሱን መጋጥስ ምን ሊባል ነው?

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በጀማሪ ላይ አትፎግሩ። ካርታ ስትይዙ ብዙ አስይዙ፤ ሳትይዙ ጣሉ። ለጀማሪ ጠረጴዛ የሚያስፈልገው ጥበብ ከዚህ አይበልጥም። የሚሰለች ነው፤ ነገር ግን ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ጀማሪን አትገሥጹ። ያላግባብ ገብቶ ያሸነፈን ሰው መስደብ ሁለት ጉዳት አለው። ሰውየውን ያሳፍረዋል፤ ደግሞም እንዳይሳሳት ያስተምረዋል። ማስተማር ከፈለጋችሁ ጨዋታው ሳይጀመር አስተምሩት። የትኛው ካርታ ከየትኛው እንደሚበልጥ በወረቀት ጽፋችሁ አጠገቡ አስቀምጡለት። ጥያቄው ይቀንሳል፤ ሰዓቱም ይተርፋል።

ሦስተኛ፣ የቤት ጨዋታ መዋጮ ማንም ቢያጣው እንቅልፍ የማይነሣ ይሁን። ለአንድ ምሽት 20 ዶላር ብላችሁ ወስኑ፤ ያለቀበት ቡና ያፍላ፤ ድጋሚ መግዛት አይፈቀድ። ብድር ደግሞ ፈጽሞ አይኑር።

አራተኛ፣ በማይገባ ካርታ በተበላችሁ ጊዜ ሁለት ዙር ተነሥታችሁ ቁሙ፤ ውኃ ጠጡ፤ ወደ ውጭ ውጡ። ከዚያች እጅ በኋላ መኪና አስነሥቶ ወደ ካዚኖ መሄድን ለራሳችሁ ክልክል አድርጉ።

አምስተኛ፣ ይህን ራስን የመግታት ነገር ሞክሮ ያቃተው ሰው ብቻውን አይታገል። በሜሪላንድ አንድ ሰው በፈቃዱ ስሙን አስመዝግቦ ካዚኖ እንዳይገባ ራሱን የሚያሳግድበት አሠራር አለ። በነፃ ምክር የሚሰጠው የስልክ መስመርም 1-800-426-2537 ነው። ደውሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የልጅ ወተት መግዣ በሌሊት ማስያዝ ነው።

በተረፈ፣ በሰባትና በሁለት የተበላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሐዘናችሁን እንጋራለን። ሰባትና ሁለት ከሁለት አስ ጋር ብቻቸውን ቢጋጠሙ ከስምንት ጊዜ አንዴ ያህል ያሸንፋሉ። የዚያን ቀን ስምንተኛው ደርሶ ነበር፤ ሌላ ምንም አልተፈጠረም። ሰባቱን ጊዜ ዝም ብላችሁ እንደ ወሰዳችሁ ሁሉ ስምንተኛውንም ዝም ብላችሁ ስጡ።

ቸር ይግጠመን።